ከቃዲው በላይ ያለ ቃዲ

ካርቱም ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ከአርድሃልጂ ጎን ተቀምጬ ለአገሬ ልጆች ሳስተረጉም ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። አርድሃልጂ እንደኛ ራፖር ጸሐፊ ነው። በሁለት ወረቀት መሀል ካርቦን ያስገባና ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የተፈረደበትን ቀን ይጠይቃል። ለቅሶ አይሰማም። «ቀኑ ካለፈ ይግባኝ የለም» ይላል፣ ሻዩን ፉት እያለ።

የይግባኙን መንገድ የቀየሱት እንግሊዞች ናቸው። በ1902 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የእስልምና ፍርድ ቤቶች ሕግ ወጣና የፍቺ፣ የቀለብና የውርስ ይግባኝ ካርቱም፣ ቃዲ አልቁዳ፣ ማለትም የቃዲዎች ሁሉ የበላይ፣ ዘንድ ይደርስ ጀመር። እስከ 1947 ድረስ በዚያ ወንበር የተቀመጡት ሁሉ ግብፃውያን ነበሩ።

ጉዱ ያለው እዚህ ነው። የሱዳን ሙስሊም በመዝሀቡ፣ ማለትም በሚከተለው የሸሪዓ ሕግ ፈለግ፣ ማሊኪ ነው፤ የሚዳኘው ግን በሌላ መዝሀብ፣ በሐነፊ ነበር። በሐነፊ ባሏ ጠፍቶ የቀረ ወይም ቀለብ የከለከላት ሴት በዳኛ መፋታት ጭንቋ ነበር። ይግባኝ ብትል የላይኛውም ቃዲ በዚያው በሐነፊ ይፈርድ ነበር። ቀዳዳው የተገኘው በ1915 ደንብ 53ኛ አንቀጽ ነው፤ ቃዲ አልቁዳ በመንሹር፣ ማለትም በሰርኩላር፣ ካዘዘ ከሐነፊ መውጣት ተፈቀደ። የጊዜው ቃዲ አልቁዳ ሙስጠፋ አልመራጊ ብዙም ሳይቆዩ በቁጥር 17 መንሹር የማሊኪን የፍቺ ምክንያቶች አስገቡ። ግብፅ ራሷ በዚህ መንገድ የሄደችው በ1920 ነው። ሰውየው ኋላ የአልአዝሃር ሼክ ሆነዋል።

መንሹሩ ቀጠለ። በ1935 በአንድ አፍ ሦስት ጊዜ «ፈትቼሻለሁ» ማለት እንደ አንድ ፍቺ ተቆጠረ። በ1945 ሟች ከሀብቱ እስከ ሲሶ ለወራሹም መናዘዝ ቻለ። በ1960 የሙሽራዋ ፈቃድ ግድ ሆነ። አንድ ሰው ይህን ያህል ሥልጣን መጨበጡ ደስ አይለኝም። ነገር ግን በእኛ ዙፋን ችሎት «ጃንሆይ!» ብሎ የጮኸ የራሱን ነገር አስፈትቶ ይሄድ ነበር፤ መንሹሩ ግን ፍርድ ቤት ደጃፍ ላልደረሰችም ሴት ደርሷል።

በ1970 ነጅዋ ከማል ፈሪድ የሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት የሸሪዓ ዳኛ ሆኑ፤ በ1991 ደግሞ የሙስሊሞች የቤተሰብ ሕግ በአንድ አዋጅ ተጠቃለለ። እኛ ክርስቲያን ሐበሾች መግቢያችን ሌላ፣ በሲቪል ችሎት በኩል ነበር።

በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ካርቱም ሲገባ ብዙዎቻችን ተበተንን። ካርቱም የተፈረደ የፍቺ ወይም የውርስ ወረቀት በእጃችሁ ያለ፣ ማኅተም ያረፈበትን ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ፎቶ ኮፒውን ስጡ።