የናይቫሻው የፊሸር ግንብ፦ ለጀማሪዎች የተመቸ ዐለት፣ ጥንቃቄ የሚሻ ሸለቆ

ከኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የናይቫሻ ሐይቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1 ሺህ 880 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ከሚገኙት ሐይቆች በከፍታው ቀዳሚ ሲሆን፣ ውኃው ጨዋማ ባለመሆኑ እንደ ዝዋይ ሐይቅ ሁሉ በዳርቻው የአበባ እርሻዎች ተስፋፍተዋል።

ከሐይቁ በስተደቡብ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል፤ ትርጓሜውም “የገሃነም ደጅ” ማለት ነው። በፓርኩ ውስጥ የሜዳ አህያ፣ ቀጭኔና ጎሽ በሚሰማሩበት ሜዳ በእግርም ሆነ በብስክሌት መጓዝ ይፈቀዳል። በመግቢያው አቅራቢያ ብቻውን ቆሞ የሚታየው፣ 25 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ዐለት ደግሞ “የፊሸር ግንብ” ይባላል። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1883 ወደ ስፍራው ከደረሰው ጀርመናዊ አሳሽ ጉስታቭ ፊሸር ነው። በማሳይ ማኅበረሰብ አፈ ታሪክ ግን ዐለቱ፣ ለመዳር ስትሄድ ወደ ኋላ በመመልከቷ ወደ ድንጋይነት የተለወጠች ሙሽራ ነች።

ለጀማሪዎች የተመቸው ለምንድን ነው?

ዐለቱ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ሲሆን፣ እጅና እግር የሚያርፉባቸው ስንጥቆችና እርከኖች አሉት። ቁመቱም መጠነኛ ነው። ገመዱ በዐለቱ አናት ላይ በተበጀ ማሰሪያ ውስጥ አልፎ ወደ መሬት ይመለሳል። አንዱ ጫፍ በሚወጣው ሰው የወገብ ቀበቶ ላይ ይታሰራል፤ ሌላውን ጫፍ ደግሞ ታች የቆመ ረዳት ይቆጣጠራል። በዚህም ምክንያት እግሩ የተንሸራተተ ሰው በገመዱ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ወደ መሬት አይወድቅም። ጀማሪዎች በክንዳቸው ከመጎተት ይልቅ በእግራቸው እየገፉ ቢወጡ ቶሎ አይደክሙም። የራስ ቁር ማጥለቅና የሌላውን ቋጠሮ መፈተሽም ከመውጣት በፊት ሊታለፍ የማይገባው ተግባር ነው።

ትልቁ አደጋ የት አለ?

በፓርኩ የበርካታ ጎብኚዎችን ሕይወት የቀጠፈው የዐለቱ ከፍታ ሳይሆን በጠባቡ ሸለቆ የሚወርደው ደራሽ ጎርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሰባት ሰዎች በጎርፉ ሕይወታቸው አልፏል። በ2019ም ተመሳሳይ አደጋ ደርሶ ሸለቆው ለጎብኚዎች ተዘግቶ ነበር።

የአደጋው ጠባይ ለሀገራችን አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ፣ ጠብታ ያልወረደበትን የቆላ ደረቅ ወንዝ በድንገት እንደሚሞላው ሁሉ፣ በሄልስ ጌትም ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከሩቅ የዘነበው ውኃ ሸለቆውን ሊሞላው ይችላል። ግድግዳው ቀጥ ያለ በመሆኑም በየስፍራው መውጫ አይገኝም።

ስለዚህ ወደ ስፍራው የሚጓዝ ሰው ዐለቱን ለመውጣት ልምድ ያለው መሪ መያዝ፣ ዐለቱ በዝናብ ሲርስም መውጣቱን ማቆየት ይኖርበታል። ዋናው የዝናብ ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ወደ ሸለቆው ከመውረድ በፊት በላይኛው አካባቢ ዝናብ መኖሩን የፓርኩን ጠባቂዎች መጠየቅ፣ መውጫዎቹንም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ውኃው ከደፈረሰ ወይም ከላይ የጩኸት ድምፅ ከተሰማ፣ ንብረት ለመሰብሰብ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ባለው መውጫ ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል።