ለሁለት ፈተና የተቀመጠ ሕዝብ

አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ ሰሞኑን ስልክ ካላነሳ፣ ጥያቄ እየሸመደደ ይሆናል። ከጥቅምት 10 ቀን 2018 ጀምሮ ላመለከተ ሰው የዜግነት ፈተናው ጥያቄ ከ100 ወደ 128 አድጓል። ፈታኙ እስከ 20 ይጠይቃል፤ ለማለፍ 12 መመለስ ግድ ነው። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው በይፋ የወጡ ስለሆኑ፣ ሌሊት ሥራ የሚያድር ሰው እንኳ በጥቂት ሳምንት ይይዛቸዋል።

የእኛው መመዘኛ በጥቂት ሳምንት የሚያዝ አልነበረም። የ1922ቱ የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ መሆን የሚሻ የውጭ ሰው አምስት ዓመት እዚህ እንዲኖር፣ አማርኛም አቀላጥፎ እንዲናገርና እንዲጽፍ ያዝዝ ነበር። በ1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ዓመቱን ወደ አራት አወረደ፤ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ይበቃል አለ። ትልቅ ለውጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ከ1922 ጀምሮ አልተነካም፦ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ዘመዳችን ፈተናውን አልፎ ቃለ መሐላ ከፈጸመ በኋላ ቦሌ ሲያርፍ፣ በሕጉ ዓይን የውጭ ሰው ነው። በ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 የተፈቀደው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባዋል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራዋል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ገንዘቡን ቦሌ ላይ ያፈሳል፤ በከተማዋ አስተዳደር ላይ ድምፅ የለውም።

ባዕዱ በቋንቋችን ተመዝኖ ይገባል። በዚሁ ቋንቋ አፉን የፈታው ልጃችን ይወጣል። የጥምር ዜግነት ክርክር ከዚህ ቢጀምር ይሻላል።