የወጣትነት የመጀመሪያ ሥራ፤ ከጌታ ቤት አገልግሎት እስከ ሊስትሮ ሣጥን

በኢትዮጵያ የታሪክ ጽሑፎች ውስጥ የአንድ ሰው ሥራ መወሳት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሹመቱ ወዲህ ነው። በየትኛው ዓመት ማዕርግ እንዳገኘ፣ በየትኛው ጦርነት እንደ ዋለ፣ የትኛውን አገር እንደ ገዛ ይጻፍለታል። ከዚያ በፊት ገና ለጋ ልጅ ሳለ ምን ሠርቶ እንዳደረ፣ የመጀመሪያውንም ገንዘብ ወይም የመጀመሪያውን ልብስ ከማን እጅ እንደ ተቀበለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲጨዋወቱ ዘወትር የሚያነሡት ይህንኑ ነው፤ በጨዋታው የሚነገረው ሁሉ ግን ወደ መጽሐፍ አልገባም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በአማርኛ ተናጋሪው አገርና በአዲስ አበባ የታወቁትን ሦስት ዓይነት የወጣትነት ሥራዎች፣ ማለት የጌታ ቤት አገልግሎትን፣ የቆሎ ተማሪን ኑሮና የከተማውን የመንገድ ሥራ፣ በተራ ይመረምራል። በመጨረሻም የእነዚህ ሥራዎች ትዝታ ለታሪክ ምስክርነት እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ይጠይቃል።

1. በጌታ ቤት ማደግ

በገጠር የሚወለድ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ሥራው እረኝነት ነው። ጥጃና ፍየል ይጠብቃል፤ ጕልበቱ ሲጠና ወደ በሬው፣ ከዚያም ወደ ሞፈሩ ይሸጋገራል። ይህ ግን የቤት ሥራ ስለ ሆነ ማንም «ሥራ ያዘ» አይለውም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ምሳሌም የልጅን ድካም ከቍጥር የማያገባውን አስተሳሰብ ያሳያል፤ ይሁን እንጂ ከብቱ የሚጠበቀው በዚያው በልጁ ድካም ነበር።

ልጅ ከቤት ወጥቶ ለሌላ ሰው ሲሠራ የመጀመሪያው ጥንታዊ መንገድ ወደ ጌታ ቤት መግባት ነበር። አባት ልጁን ለአንድ መኰንን ሲሰጥ ስለ ደመወዝ አይዋዋልም። ልጁ የጌታውን እግር ያጥባል፤ በቅሎ ይስባል፤ ሌሊት መብራት ይይዛል፤ በጕዞ ጊዜ ጋሻ ወይም ጠመንጃ ተሸክሞ ይከተላል። የሚያገኘው ቀለብና በዓመት አንድ ልብስ ነው። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ተስፋ ነው፤ ይኸውም ጌታው ሲሾም አሽከሩም አብሮ ከፍ ይላል የሚል ተስፋ ነው። በዚህ ምክንያት አገልግሎቱ እንደ ውርደት አይታይም ነበር። ከባላባት የተወለደውም ልጅ ሥርዐት የሚማረው፣ ከሰው ፊት መቆምንና መናገርን የሚለምደው በዚሁ መንገድ ነበረና።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው በሐረር በራስ መኰንን ቤት አድገው፣ ገና ለአካለ መጠን ሳይደርሱ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ዘምተዋል፤ ከዚያም ወዲያው ለትምህርት ወደ ሩሲያ ተሻግረዋል። በኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ ለመሆን የበቁት ሰው የጕዟቸው መነሻ ይህ የጌታ ቤት ኑሮ ነበር። ከዕረፍታቸው በኋላ የታተመው የሕይወት ታሪካቸው ከብዙዎቹ የዘመኑ ጽሑፎች ይልቅ ለልጅነት ቦታ መስጠቱ ለተመራማሪ ትልቅ ጥቅም አለው።

2. የቆሎ ተማሪ

ሁለተኛው መንገድ የቤተ ክህነት ትምህርት ነበር። ፊደል ቈጥሮ ዳዊት የደገመ ልጅ ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ቤት ለመሄድ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ከወላጆቹ ተደብቆ ይጠፋል። ደበሎ ለብሶ፣ አኰፋዳ አንግቦ፣ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ ከደብር ወደ ደብር ይዞራል። የሚያድረው እርሱና ጓደኞቹ በመምህሩ ቤት ዙሪያ በሠሯት ጎጆ ነው። ምግቡን የሚያገኘው በየደጁ በእመቤታችን ስም ለምኖ ነው፤ የለመነውንም ከጓደኞቹ ጋራ ይካፈላል።

ይህ ልመና ከሌላው ልመና የተለየ ነው። ገበሬው ለተማሪው ቍራሽ ሲሰጥ ለድኻ እንደ መጸወተ ብቻ አይቈጥረውም፤ የትምህርቱን ወጪ በከፊል መሸከሙ ነው። መምህሩ ከተማሪው ገንዘብ አይቀበልም፤ ተማሪው እንጨት ይሰብርለታል፤ ውሃ ይቀዳለታል፤ እርሻውን ያርምለታል። እንዲህ ሆኖ ትምህርት ቤቱ ያለ መንግሥት በጀት በሦስት ወገን ድካም ይኖር ነበር፤ በገበሬው እህል፣ በመምህሩ ዕውቀትና በልጆቹ ጕልበት።

ከልመናው ሌላ ተማሪው በትርፍ ጊዜው የሚሠራቸው ልዩ ልዩ ሥራዎች ነበሩ። በመከር ወራት ከገበሬው ጋራ አጭዶ እህል ይቀበላል። ልብስ ይሰፋል፤ ባርኔጣና ጥላ ይሠራል። እጁ ለጽሕፈት የቀና እንደ ሆነ ብራና ይፍቃል፤ መጽሐፍ ይገለብጣል፤ አንዳንዱም ክታብ ጽፎ ይሸጣል። ከፍ ያለው ተማሪ ደግሞ ለታናናሾቹ ያስቀጽላል። በዛሬው አነጋገር «የትርፍ ጊዜ ሥራ» የሚባለው ነገር ከዘመናዊ ትምህርት ጋራ የመጣ ዐዲስ ልማድ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የዚህ ኑሮ ትዝታ ከሌሎቹ ይልቅ በጽሑፍ ተጠብቋል። ከእነዚህም አንዱ ስለ አለቃ ለማ ኃይሉ ሕይወት ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ሰምተው የጻፉትና በ1959 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፈ ትዝታ ነው። ልጅ አባቱን እየጠየቀ መጻፉ የጽሑፉን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል፤ ጠያቂው ባይኖር ኖሮ ተናጋሪው ተራ ነገር ነው ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነበርና።

3. የከተማው መንገድ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሦስተኛ ዓይነት ሥራ ተፈጠረ። ከተማዪቱ አናጢ፣ ግንበኛ፣ ተሸካሚና ተላላኪ ትፈልግ ነበር። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ከለገሃር እስከ ገበያው የሚጓጓዘው ዕቃ በዛ። የውጭ ሰዎች ያመጡት «ኩሊ» የሚለው ቃልም በከተማው አማርኛ ውስጥ ሥር ሰደደ።

ይህን ሥራ በብዛት የያዙት ከጉራጌ አገር የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በእንሰት የሚተዳደረው አገራቸው ሕዝቡ የበዛ፣ መሬቱ የጠበበ ነበር፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህም ግብር ለመክፈል ገንዘብ አስፈለገ፤ አዲስ አበባም በእግር የምትደረስ ቅርብ ከተማ ነበረች። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ይህ የሥራ ፍልሰት ከእንሰቱ ኑሮ ጋራ እንዴት እንደ ተያያዘ ለመረዳት የሚረዳ መነሻ ይገኛል።

የሊስትሮ ሥራ የመጣው ከሸክሙ በኋላ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛው «ሉስትሮ» ማለት ማንጸባረቅ ከሚለው የወጣ ነው። ጫማ ማድረግ በከተማው እየተለመደ በሄደ መጠን፣ በተለይም ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ሥራው ተስፋፋ። ለሕፃን ልጅ የተመቸበት ምክንያት መነሻ ገንዘቡ ጥቂት መሆኑ ነው። የእንጨት ሣጥን፣ ብሩሽ፣ ቀለምና ቍራጭ ጨርቅ ካለ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ሣጥኑ ዕቃ መያዣ፣ የደንበኛው እግር ማሳረፊያና ጥሪ ማሰሚያ ነው፤ ልጁ በብሩሹ ጀርባ ሣጥኑን ሲያንኳኳ አላፊው ሰው ጫማውን ያያል። ደንበኛው «ሊስትሮ!» ብሎ በሥራው ስም ይጠራዋል፤ ልጁ «አቤት ጋሼ» ብሎ ይቀርባል። ታላቁ ታናሹን ስሙን ሳይጠይቅ በሙያው መጥራቱ፣ ታናሹም ታላቁን እንደ ዘመድ በማክበር መመለሱ የሁለቱን የኑሮ ደረጃ በአንድ ጊዜ ይገልጻል።

ልጁ ብቻውን አይኖርም። ቀድሞ የመጣ ወንድም ወይም የአገር ልጅ ይቀበለዋል፤ ብዙ ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ያድራሉ። በየቀኑ ከሚያገኘው ሳንቲም ከፊሉን ለዕቁብ ይጥላል። ዕቁቡ ገንዘብ ማጠራቀሚያ ብቻ አይደለም። ዕጣው የወጣለት ልጅ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሲያጠራቅም ሊያያት የማይችላትን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይጨብጣል፤ በእርስዋም ወደሚቀጥለው ሥራ ይሸጋገራል። ብዙውን ጊዜ ያ ሥራ ሱቅ በደረቴ ነው፤ ከዚያም ጕልት፣ ከዚያም በመርካቶ ትንሽ ሱቅ ይከተላል። ለመስቀል ወደ አገሩ ሲመለስ ደግሞ ለእናቱ ልብስ፣ ለአባቱ የግብር ገንዘብ ይዞ ይገባል። ስለዚህ በከተማው መንገድ ላይ ተንበርክኮ የሚሠራው ልጅ በአገር ቤት የቤተሰብ ምሰሶ ነበር።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የክብር ጕዳይ አለ። ሸክምና ጫማ መጥረግ በከተማው ሰው ዘንድ የተናቁ ነበሩ፤ ቀጥቃጭና ሸማኔ በቀድሞው አገር እንደ ተናቁት ማለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ጥልቀት ያሳያል። የጌታ ቤት አሽከር እግር ሲያጥብ ሳይናቅ፣ ሊስትሮው ጫማ ስለ ጠረገ የተናቀው ለምንድን ነው? የሥራው ዓይነት እጅግ የሚቀራረብ ነው። ልዩነቱ አሽከሩ «የእገሌ ሰው» መባሉ ነው፤ ሊስትሮው ግን የማንም ሰው አይደለም። ሳንቲሙን ተቀብሎ ሲሄድ ከደንበኛው ጋራ ያለው ነገር ያበቃል። የቀድሞው ሥርዐት ጌታ የሌለውን ሠራተኛ የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም። ያ ነፃነት በአንድ ወገን መናቅን፣ በሌላ ወገን ግን የራስን ገንዘብ በራስ ማዘዝን አመጣ።

4. ትምህርትና ሥራ በአንድነት

ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ ሥራና ትምህርት እንደ ገና ተገናኙ። በፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሹን ቀን ሣጥኑን ይዞ ይውላል፤ ሌላው ቀን ሙሉ ሠርቶ ማታ ይማራል። ማንበብና መጻፍ የቻለው ለጎረቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የአገልግሎት ፕሮግራም ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ላከ፤ አብዛኞቹ መምህራን ሆነው ሠሩ። ለብዙዎች ይህ ከቤት ርቀው የሠሩት የመጀመሪያ ሥራ ነበር። የቆሎ ተማሪው ከገበሬው እየበላ እንደ ተማረ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪም ለገጠሩ ሕዝብ ብድሩን እንዲመልስ መጠየቁ የሁለቱን ትምህርቶች ዝምድና ያሳስባል።

5. የትዝታው ምስክርነት

ድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድ በልጅነታቸው በአዲስ አበባ ጫማ እንደ ጠረጉ፣ ከዚያም በአሪዞና የሌሊት ክበብ ልዩ ልዩ ሥራ ሲሠሩ ሳለ አንድ ምሽት ዘፋኞቹ በመቅረታቸው የመዝፈን ዕድል እንዳገኙ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ታሪክ እውነት ነው፤ ይወደዳልም። ነገር ግን ታሪክ ጸሓፊ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። የልጅነት ሥራውን በኵራት የሚያወሳው ከዚያ ሥራ የወጣው ሰው ነው። ከፍ ካለ በኋላ ወደ ታች ሲመለከት የመጀመሪያው ሥራ የመሰላል እርከን ሆኖ ይታየዋል። ከእርሱ ጋራ ሣጥን ይዞ ተቀምጦ የነበረው፣ በበሽታ ወይም በችግር እዚያው የቀረው ልጅ ግን ትዝታውን የሚጠይቀው የለም። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ መምህር የሆነው ሲናገር፣ በመንገድ የሞተው አይናገርም።

ከሁሉ ይልቅ የጐደለው የሴቶች ምስክርነት ነው። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የተቀጠረች ልጅ፣ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ ልጅ፣ የመጀመሪያ ሥራዋ ከሊስትሮው ሥራ አይቀልም። ሆኖም የእርስዋ ሥራ ከቤት ወደ ቤት የሚዛወር እንጂ በሱቅ የሚደመደም መሰላል አልነበረም፤ ስለዚህም የስኬት ታሪክ ሆኖ አልተነገረም።

ነገሩ ያለፈ ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ለቅጥር የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጓል። ይህ ሕግ ግን የተመሠረተው በአሠሪና በሠራተኛ ውል ላይ ነው፤ ሣጥኑን ይዞ በራሱ የሚሠራው ልጅ አሠሪ የለውም። የቀድሞው ሥርዐት ጌታ የሌለውን ልጅ የሚያስቀምጥበት ቦታ እንዳጣ ሁሉ፣ ዐዲሱም ሕግ በቀላሉ አይደርስበትም።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። የወጣትነት ሥራ ታሪክ ሙሉ የሚሆነው እሾሁን አጥረው ያለፉት ብቻ ሳይሆኑ የወጋቸውም ሲጠየቁ ነው። ይህም ምርመራ የሽማግሌዎች ዕድሜ ሳያልፍ በየመንደሩና በየሰፈሩ በጥንቃቄ መጻፍ ይኖርበታል፤ በተለይም ባልቴቶቹ ቀድመው ሊጠየቁ ይገባል።