አምሳለ ሰው በመኪና ወንበር ላይ

በመኪና ግጭት ተሳፋሪው ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ለመለካት፣ የሰው አካል ምን ያህል ምት እንደሚችል አስቀድሞ መታወቅ ነበረበት። ይህን ለማጥናት በዲትሮይት ከተማ፣ ዛሬ ዌይን ስቴት በሚባለው ዩኒቨርሲቲ፣ ተመራማሪዎች ከ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አስከሬኖችን ለከባድ ምት እያጋለጡ የራስ ቅል የሚሰነጠቅበትን መጠን መዘገቡ፤ በ1954 ደግሞ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ጆን ፖል ስታፕ በሮኬት በሚገፋ ሸርታቴ ላይ ታስሮ በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተወነጨፈ በኋላ በ1.4 ሰከንድ ውስጥ ሲቆም፣ ከመሬት ስበት 46 እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ተቋቁሞ በሕይወት ወጣ። ዛሬ በየመኪናው የሚታየው የደህንነት ቀበቶ ለእነዚያ አስከሬኖችና ለዚህ ሰው ድፍረት ባለዕዳ ነው።

ከዲትሮይቱ ጥናት የተገኘው ዋና ግንዛቤ፣ ራስ ብርቱ ምትን ለቅጽበት ሊቋቋም እንደሚችልና ከዚያ የቀለለው ምት ግን ከቆየ ሊገድል እንደሚችል ነበር። የምቱን ብርታትና የቆየበትን ጊዜ በአንድ ስሌት የሚያጣምረው «የራስ ጉዳት መመዘኛ» የተወለደው ከዚህ ሲሆን፣ የአሜሪካ ደንብም 1,000ን የመጨረሻ ወሰን አድርጎ ተቀበለው።

ይሁንና አስከሬን ከአስከሬን ስለሚለያይና ሙከራውን በዚያው አካል መድገም ስለማይቻል፣ በውስጡ የመለኪያ መሣሪያ የተገጠመለት አምሳለ ሰው፣ ማለትም «ዳሚ»፣ አስፈለገ። የመጀመሪያው፣ «ሴራ ሳም»፣ በ1949 የተሠራው ለጦር አውሮፕላን አብራሪዎች መስፈንጠሪያ ወንበር መፈተሻ ነበር፤ ጄኔራል ሞተርስ በ1976 ለመኪና ግጭት መፈተሻ ያወጣው «ሃይብሪድ 3» ግን የብረት የጎድን አጥንትና እንደ ሰው የሚታጠፍ የጎማ አንገት ስላለው እስከ ዛሬ ያገለግላል።

በ1997 የተቋቋመው የአውሮፓ የመኪና ደህንነት ፈታሽ ድርጅት «ዩሮ ኤንካፕ» ዳሚ የተቀመጠበት መኪና ፊት 40 በመቶ ብቻ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ከመሰናክል ጋር እንዲጋጭ አድርጎ ውጤቱን በኮከብ ለሕዝብ ሲገልጽ፣ አምራቾች አራት ኮከብ ማግኘት የማይቻል ነው ብለው ተከራከሩ፤ በዚያው ዓመት ቮልቮ ኤስ40 አራት ኮከብ አገኘ። ገዢው ውጤቱን አይቶ እንዲመርጥ መደረጉ ከብዙ ደንብ ይልቅ ፋብሪካዎችን አንቀሳቅሷል ማለት ይቻላል።

የዚህ ታሪክ ትልቁ ጉድለት ግን በዳሚው አካል ልክ ላይ ነው። ዋናው ሃይብሪድ 3 ቁመቱ 175 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 78 ኪሎ ግራም ያህል የሆነ አማካይ አሜሪካዊ ወንድ ሲሆን፣ ለሴቶች የቀረበው ዳሚ ይኸው የወንድ አካል ወደ 152 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተቀንሶ የተሠራ ነው። ሴቶች ከኋላ በሚደርስ ግጭት ለአንገት ጉዳት ከወንዶች ይበልጥ እንደሚጋለጡ በጥናት ከታወቀ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ በስዊድን በአስትሪድ ሊንደር የሚመራው ቡድን 162 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 62 ኪሎ ግራም ክብደት ያለው፣ የአማካይ ሴትን አካል የሚወክል ዳሚ ለዚሁ ዓይነት ግጭት መፈተሻ እንዲሆን ያስተዋወቀው በ2022 ነው።