ክትባቱ ተገኘ፣ ክንዱ ጠፋ

አያቶቻችን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲያዩ «የወፍ በሽታ ይዞታል» ይሉ ነበር። ወፏን ግን ማንም ይዟት አያውቅም። ዛሬ የማወራችሁ ከዚያ ቢጫነት ጀርባ ካሉት ምክንያቶች ስለ አንዱ፣ ስለ ሄፒታይተስ ቢ ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ይህ ቫይረስ ነጭ ጋወን አይፈራም። በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ያልተከተበች ነርስ ቫይረሱ ያለበትን ሰው የወጋ መርፌ ቢወጋት የመያዝ ዕድሏ ከ100 ከ6 እስከ 30 ነው። ለኤች አይ ቪ ይኸው ዕድል ከ1000 3 ገደማ ነው። በ1969 እና 1970 ስኮትላንድ ኤደንብራ የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ የገባው ወረርሽኝ ታካሚም ሠራተኛም ገድሏል።

ባሩክ ብላምበርግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ የቫይረሱን ዱካ አገኘ፤ በ1976 ኖቤል ተሸለመ። ከዚያ ሞሪስ ሂልማን በመርክ ኩባንያ ክትባት ሠራ። ከምን መሰላችሁ? ቫይረሱን ከተሸከሙ ሰዎች ደም! ፕላዝማቸው ተጣርቶ፣ ቫይረሱ በኬሚካል ተገድሎ። ኒውዮርክ ውስጥ ከ1,000 በላይ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች ፈቅደው ተሞከረባቸው፤ ሠራ። በ1981 መጨረሻ ፈቃድ አገኘ።

ታዲያ የሆስፒታል ሠራተኛው ተሰልፎ ተከተበ? የለም። በዚያው ዓመት ኤድስ ብቅ አለ። «ከነማን ደም ነው የተሠራው?» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። ፍርሃቱ መሠረት እንዳልነበረው በኋላ ታወቀ፤ ኬሚካሉ ሌሎቹንም ቫይረሶች ይገድላል። ግን የበሽታን አደጋ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሐኪሞችና ነርሶች ጭምር ክንዳቸውን ደበቁ። ዋጋውም ለሦስቱ ዙር 100 ዶላር ገደማ ነበር፤ ማን ይክፈል?

በ1986 በእርሾ የተሠራ፣ የሰው ደም ያልነካው ክትባት መጣ። ሰበቡ አለቀ፤ ያልተከተበው ግን አላለቀም።

ነገሩን የለወጠው ሕግ ነው። በታኅሣሥ 1991 የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ደም የሚነካ ሠራተኛ ሁሉ ሥራ በጀመረ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክትባቱ በነፃ ይቅረብለት አለ። ከፋዩ አሠሪው ነው። እምቢ ማለት ይቻላል፤ ግን በፊርማ። ሐሳቡን የቀየረ ደግሞ በኋላም በነፃ ይከተባል። ጓንቱና የመርፌ ጥንቃቄው ተጨምሮበት፣ በ1983 በዓመት 17,000 የተገመተው የጤና ሠራተኞች ሕመም በ1995 ወደ 400 ወረደ።

አያችሁ? ሳይንሱ በ1981 ጨርሶ ነበር። የቀረው አሥር ዓመት የ«ማን ይክፈል፣ ማን ይጠየቅ» ጥያቄ ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ ይህን ክትባት ለሕፃናት በአምስቱ በአንድ ክትባት ውስጥ መስጠት የጀመረችው በ2007፣ በእኛ 1999 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በየዋርዱ የሚሯሯጡት ሐኪሞችና ነርሶች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው፤ በልጅነታቸው አልደረሰባቸውም። እናም ነርስ እህት ወይም ሐኪም ጓደኛ ካላችሁ፣ ቡና ስትጠጡ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ሦስቱን ዙር ጨርሰሻል?