ከማስመስከር እስከ ሙያ ፈቃድ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ታሪክ በምዕራብ ጎጃም

ለማስተማር የሚበቃ ማን ነው የሚለው ጥያቄ በምዕራብ ጎጃም ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ከብዙ ዘመን በፊት መልስ ያገኘ ጥያቄ ነው። ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ የሚገኙት በጎጃም ሲሆን ሦስተኛው ዋድላ በወሎ ነው፤ በእነዚህ ጉባኤዎች አንድ ደቀ መዝሙር ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ያሉትን የቅኔ ዓይነቶች ቆጥሮ፣ ግሱንና አገባቡን አደላድሎ፣ ከእርሱ በታች ያሉትን ተማሪዎች በማስነገር ሲፈተን ከቆየ በኋላ በየኔታው ፊት ያስመሰክራል። ማስመስከር ማለት መምህሩ ስለ ተማሪው ዕውቀትና ጉባኤ ለመዘርጋት ስለ መብቃቱ ምስክር የሚሆንበት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ማወቅና ማስተማር የሚመዘኑት በአንድ ሰው ዓይን፣ በአንድ ጉባኤ ውስጥና በአንድነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው የዘመናዊው መምህርነት ታሪክ በአመዛኙ የእነዚህ የሁለቱ መለያየትና እንደገና ለመገናኘት መድከም ታሪክ ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ጅማሬ ላይ መምህራን የሚገኙት ከውጭ አገር ወይም ከቤተ ክህነት ነበር። በጎጃም አብያተ ጉባኤ ቅኔ የተማሩትና በኋላ የትምህርት ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሱት ሐዲስ ዓለማየሁ ከጣሊያን ወረራ በፊት በትውልድ አገራቸው አስተምረዋል፤ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ስላልነበረ ለመምህርነት ዲግሪ ይጠየቅ ዘንድ አይቻልም ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1930ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ቅጥር የመምህራን ማሠልጠኛ ቢጀመርም ዓላማው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራንን ማፍራት ነበር።

ዲግሪና የሁለተኛ ደረጃ መምህርነት በአገር ውስጥ የተሳሰሩት በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተና በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከተደራጀ በኋላ ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው የትምህርት ፋኩልቲ አንድን የትምህርት ዓይነት ከማስተማር ሥነ ዘዴ ጋር አጣምሮ ይሰጥ ነበር። የተመራቂው ቁጥር ግን ከትምህርት ቤቶቹ ፍላጎት ጋር አልተመጣጠነም። ስለዚህ በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መግቢያ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጡ፤ አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል የሚያስገድደው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሥራ ላይ ዋለ። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ያገለገሉት በማስተማር ስለነበር፣ ዲግሪ ለማስተማር የሚጠየቅ መሆኑ ቀርቶ ማስተማር ራሱ ለዲግሪ የሚጠየቅበት ጊዜ መጣ ማለት ይቻላል።

ለጎጃም ትልቁ ለውጥ በ1965 ዓ.ም. በባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ መመሥረቱ ነው። ፔዳጎጂ የማስተማር ጥበብና ሳይንስ ማለት ሲሆን፣ አካዳሚው በመጀመሪያ ያተኮረው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ባለሙያዎችን በማዘጋጀት ላይ ነበር፤ ቆይቶ የመምህራን ኮሌጅ ሆነ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻም በመጀመሪያ ዲግሪ ማሠልጠን ጀመረ፣ በ1992 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ከነበረው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በምዕራብ ጎጃም የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ርእሰ ከተማ የነበረችው ፍኖተ ሰላምና ጎረቤቷ ቡሬ የሚገኙት ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በመሆኑ፣ በ1999 ዓ.ም. የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምር ከተሞቹ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ዋሉ። በፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ቢኖርም፣ እንዲህ ያሉ ኮሌጆች የሚያዘጋጁት ለታችኞቹ ክፍሎች ስለሆነ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚመጣው ከዩኒቨርሲቲ ነው።

ለዚህ የዲግሪ መለኪያ ሕጋዊ መልክ የሰጠው የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው፤ በእርሱ መሠረት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በሠርተፍኬት፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ በዲፕሎማ፣ ከ9ኛ ክፍል በላይ ደግሞ በዲግሪ እንዲያስተምሩ ተወሰነ። በሁለተኛ ደረጃ ሲያስተምሩ የነበሩ የዲፕሎማ መምህራን በየክረምቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሱ ዲግሪያቸውን ማሟላት ግድ ሆነባቸው።

ከዚያ በኋላ የተለዋወጠው የዲግሪው ይዘት ነው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ላይ የዋለው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መሰናዶ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዓመት ይተካል በሚል የአራት ዓመቱን ዲግሪ ወደ ሦስት አሳጥሮ፣ ዕጩ መምህሩ በትምህርት ቤት የሚያደርገውን የተግባር ልምምድ አሰፋ። የትምህርት ዓይነቱ ዕውቀት ሳሳ የሚል ትችት በመበርታቱ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ አቅጣጫው ተገለበጠ፦ ዕጩው በመጀመሪያ ሂሳቡን ወይም ፊዚክሱን ለሦስት ዓመት ተምሮ ይመረቅ ነበር፤ ቀጥሎም በተለምዶ ፒጂዲቲ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ ይወስድ ነበር። በአሠራር ግን ብዙዎቹ አስቀድመው ክፍል ውስጥ ገብተው ፒጂዲቲውን በክረምት ተማሩ፤ ይህም ማለት ተማሪ ፊት ከቆሙ በኋላ ማስተማርን ተማሩ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የተጨመረው የሙያ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የሚገኘው በጽሑፍ ፈተናና በማኅደረ ተግባር ምዘና ሲሆን፣ ማኅደረ ተግባር የሚባለው መምህሩ የሠራቸውን ሥራዎች በማስረጃነት የሚሰበስብበት ጥራዝ ነው። ዲግሪው ስለ ዕውቀት፣ ፒጂዲቲው ስለ ሥነ ዘዴ፣ ፈቃዱ ስለ ብቃት ሲመሰክሩ፣ በቅኔ ቤት በአንድ የኔታ አንደበት ይሰጥ የነበረው ምስክርነት በሦስት ወረቀት ተከፋፈለ ማለት ነው።

ክፍፍሉ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ አንድ የኔታ በመቶ የሚቆጠሩ ደቀ መዛሙርትን ሊያውቅ ይችላል፣ አንድ ክልል ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራንን በስምና በሥራ ሊያውቅ አይችልም። ሆኖም ከሦስቱ ወረቀቶች አንዱም መምህሩ ሲያስተምር ቁጭ ብሎ ያየውን ሰው ቃል አይተካም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ክፍሎቹ እንደገና ሲከፈቱ የመምህር እጥረት መለኪያውን ዝቅ ለማድረግ መገፋፋቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ዲግሪውና ፈቃዱ ሳይቀሩ፣ ልምድ ያለው መምህር ከጀማሪው ክፍል ገብቶ አይቶ የሚመሰክርበት አሠራር ሊታከልበት ይገባል፤ የዋሸራ ምድር ይህን ከማንም ለመበደር አይገደድም።