የጅማ ቡናና የርጥበቱ ልክ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ሀብትን ደክሞ ማግኘት አንድ ሥራ ነው፤ ያገኙትን ሳያበላሹ ማኖር ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። የጅማ ቡና ታሪክ ይህን በግልጽ ያስተምራል። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ስለ ቡና አተካከል ሳይሆን፣ ከተለቀመ በኋላ ስለሚያጠፋው ስለ ሻጋታና ሻጋታንም ስለሚወልደው ስለ ርጥበት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጅማ ከተማ በላይ በጅሬን ኮረብታ ላይ እስከ ዛሬ የሚታየው ቤተ መንግሥት ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ የነበሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር መኖሪያ ነበረ። ከኮረብታው በታች በሂርማታ ይቆም የነበረው ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስሙ የታወቀ ነበረ፤ የዛሬይቱም ጅማ በዚያው ስፍራ ተስፋፍታ ተሠራች። አፍቃላ የሚባሉት የአገሩ ነጋዴዎች ቡናን ከዝባድና ከዝሆን ጥርስ ጋር፣ በዚያም ዘመን በነበረው ክፉ ልማድ ከተሸጠው የሰው ልጅ ጭምር ጋር፣ ወደ ሰሜን እየነዱ ጐጃም ውስጥ ወደ ባሶ ገበያ ያደርሱ ነበር። ከዚያ የተረፈው በጐንደር በኩል አልፎ ምጽዋ ይደርስ ነበር።

ይህ ጕዞ የሚሆነው ግን በበጋ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት አገር ስለ ሆነ፣ ክረምት ሲገባ ግቤም ዓባይም ሞልተው መንገዱ ይዘጋል። በበጋ ያልተላከው ቡና ወራቱን ሁሉ በቤት ውስጥ ቆይቶ የወንዞቹን መጕደል መጠበቅ ግድ ነበረበት። በ1917 የምድር ባቡር አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የባሕሩ መንገድ በእጅጉ አጠረ፤ ነገር ግን ባቡሩ የጅማን ዝናብና ጉም አላስቀረም። ስለዚህ ሩቅ መንገድ ያስከተለው ችግር ቢቀልም፣ የጐተራው ችግር በቦታው ቀረ።

አሁን የነገሩን ጠባይ እንመልከት። የቡና ፍሬ እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። አየሩ ሲረጥብ ርጥበትን ይጠጣል፤ አየሩ ሲደርቅ የጠጣውን ይመልሳል። ቀይ እሸት ቡና ከመቶ 65 እጅ ያህል ውሃ ነው። ይህ በፀሐይ ተሰጥቶ፣ በየጊዜው እየተገለበጠ፣ በሳምንታት ውስጥ ወደ 12 እጅ ገደማ መውረድ አለበት። ገበሬው ይህን ልክ መሣሪያ ሳይኖረው ያውቀው ነበር፤ ጀንፈሉን በእጁ ይዞ ሲነቀንቀው ፍሬው በውስጡ ከተንኳኳ፣ በጥርሱም ሲነክሰው ጥርሱ ካልገባበት ደርቋል ይላል።

ልኩ ሲያልፍ ሻጋታ ይመጣል፤ ልኩ ሲጐድል ደግሞ ፍሬው ይሰባበራል፣ መዓዛውም ይደክማል። በዚህ ረገድ ቡና ሲጋር የሚባለውን የጥቅል ትንባሆ ይመስላል። ሲጋር ሲደርቅ ስለሚፈረካከስ ባለቤቱ በእንጨት ሣጥን አድርጎ ርጥበት ይሰጠዋል፤ የሣጥኑም አየር ከመቶ 65 እስከ 70 እጅ ርጥበት እንዲኖረው ይጠብቃል። ውሃውን ካበዛው፣ ሣጥኑንም ሳይከፍት ከቆየ፣ ሊጠብቀው የፈለገውን ቅጠል ሻጋታ ይበላዋል። በደንብ የደረቀ ቡናም የሚስማማው አየር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ወደ 60 ወይም 65 እጅ ነው።

የህንድ አገር ነጋዴዎች ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። በመርከብ ሸራ ዘመን የህንድ ቡና አፍሪካን ዞሮ አውሮፓ እስኪደርስ ወራት ይፈጅ ስለ ነበረ፣ የባሕሩን ርጥበት ጠጥቶ መልኩም ጣዕሙም ይለወጥ ነበር። የሱዌዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ጕዞው አጠረ፤ ገዢዎቹ ግን የለመዱትን ጣዕም ፈለጉ። ስለዚህ በማላባር ጠረፍ ያሉ ነጋዴዎች ግድግዳው ክፍት በሆነ መጋዘን ቡናውን ዘርግተው ለክረምቱ ነፋስ ይሰጡታል። ነገር ግን አስጥተው አይተዉትም፤ ይገለብጡታል፣ በጆንያም አላልተው ይከቱታል፣ ጆንያውንም እያፈራረቁ ነፋስ ያስመቱታል። ርጥበቱን ፈልገው ሲሰጡት እንኳ ሻጋታውን የሚከለክሉት በትጋት ነው።

በእኛ አገር ጕዳቱ የሚመጣው ከጥቂት ስሕተቶች ነው። ቡናውን በባዶ መሬት ላይ ማስጣት የአፈር ርጥበትና ሽታ ያስገባበታል። ያልደረቀውን ከደረቀው ጋር መቀላቀል ጤነኛውን ያበላሻል። ጆንያውን ከግድግዳና ከወለል አጣብቆ መደርደር አየር ይነሣዋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ቀን የሞቀው እርጥብ አየር ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሌሊት ጣሪያው ሲቀዘቅዝ ጠብታ ሆኖ በጆንያው ላይ ይወርዳል። ዝናብ ሳይነካው የሻገተ ቡና ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ሚዛን እንዲከብድለት ቡናውን ውሃ የሚረጭ ሰው ቢገኝማ፣ የሚሸጠው ውሃን ሲሆን የሚያጠፋው የአገርን ስም ነው።

ነገሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። በ1965 በደቡብ አፍሪካ ሊቃውንት ኦክራቶክሲን የተባለውን ኵላሊት የሚጐዳ መርዝ ከአንድ የሻጋታ ዓይነት ለይተው አወቁ። ቡናን መቍላት ይህን መርዝ ቢቀንሰውም ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በ2004 ባወጣው ውሳኔ ርጥበቱ ከመቶ 12.5 እጅ በላይ ወይም ከ8 እጅ በታች የሆነ ቡና ወደ ውጭ እንዳይላክ አሳሰበ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2005 በአንድ ኪሎ የተቈላ ቡና ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም በላይ መርዝ እንዳይገኝ ደነገገ፤ ከ2023 ጀምሮም ልኩን ወደ 3 ዝቅ አደረገው።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፣ መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ቡናውን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ በስሱ ማስጣት፣ በቀን ደጋግሞ መገልበጥ፣ ዝናብና የሌሊት ጤዛ እንዳይነካው መሸፈን፣ ጆንያውንም በእንጨት ርብራብ ላይ ከግድግዳ አርቆ መደርደር፣ መጋዘኑንም አየሩ ደረቅ በሆነበት ሰዓት መክፈት ነው። ከሁሉም በፊት ግን ሳይደርቅ ወደ መጋዘን አለማስገባት ይበልጣል፤ መጋዘን ደኅናውን ይጠብቃል እንጂ የተበላሸውን አያድንም። አባቶቻችን በጆሯቸውና በጥርሳቸው የለዩትን ልክ እኛ ዛሬ በመሣሪያ ልንለካው እንችላለን። መሣሪያው ቍጥሩን ይነግረናል፤ ቡናውን ተነሥቶ የሚገለብጠው ግን የሰው እጅ ነው።